የደሴ ጥልፍና ዳንቴል፦ በእረፍት ቀን፣ በሰፈር በረንዳ

ደሴ ውስጥ «ዛሬ እኮ ሥራ የለኝም» የምትል ሴት እጅ ላይ ብዙ ጊዜ ኪሮሽ፣ የዳንቴል መሥሪያዋ መንጠቆ፣ አለ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ስለ ደሴ ሲጻፍ ንጉሥ ሚካኤል፣ አይጠየፍ አዳራሽና ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ይነሳሉ፤ ይገባቸዋልም። በእረፍት ቀን በረንዳ ላይ ስለሚሠራው የእጅ ሥራ ግን ሰብሰብ ያለ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ያለኝን አሰባሰብኩ፦ የአክስቴን ሳጥን፣ የጎረቤቶቿን ጨዋታ፣ የራሴንም ዓይን። ሳጥኑ በአብዛኛው የደርግ ዘመን ስለሆነ ጽሑፉም ወደዚያ ያጋድላል። ቻሉት።

ስሙና አመጣጡ

«ስፌት» በአማርኛ ሆደ ሰፊ ቃል ነው። ልብስም ይሰፋል፣ መሶብም ይሰፋል። ወሎ ውስጥ ቀደምቱ የሣሩ ስፌት ነው። ክረምቱ ወጣ ሲል ስንደዶና አክርማ ይለቀማል፣ የተቀለመው አለላ ይባላል፣ ሌማቱም ሰፌዱም ሙዳዩም በወስፌ ይሰፋል። ጥልፍ ደግሞ በመርፌ ጨርቅ ላይ የሚሠራው ነው። ዳንቴል ጨርቅ አይፈልግም፤ ክርና ኪሮሽ ይበቃዋል። ዳንቴልም ኪሮሽም ቃላቸው የፈረንሳይ ነው። አንዱ ትንሽ ጥርስ፣ ሌላው ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። የዳንቴል ጠርዝ አጠገብ ዓይናችሁን ብታስጠጉ እውነትም የሕፃን ጥርስ ይመስላል።

ማን አመጣው? ጣሊያን ነው የሚሉ አሉ። ጣሊያን ደሴ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ያመጣው ነገር ስሙ ለምን ፈረንሳይኛ ይሆናል? እኔ አልተዋጠልኝም። የማያከራክረው ሌላ ነው። እቴጌ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ናቸው፤ አዲስ አበባም በስማቸው የሚጠራ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። እኛ ወሎዬዎች ይህን ስናነሳ ድምፃችን ትንሽ ከፍ ይላል።

እረፍቱ የማን ነው?

ትልቁ ጣጣ እዚህ ጋ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ እሁድ ያርፋል። በክርስቲያን ቤት ግን እሁድ መርፌ አይነሳም፤ እንደ መፍተል፣ እንደ መውቀጥ ነው የሚታየው። ቅዳሜም ቀዳሚት ሰንበት ናት። በዚያ ላይ በየወሩ 12 ሚካኤል አለ፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም። ታዲያ መቼ ይጠለፍ?

የደሴ መልስ ጎረቤት ነው። በአንድ ግቢ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ሳይለየው ስለሚኖር፣ እሁድ ከሰዓት ኪሮሹን የሚይዙት ሙስሊሞቹ ናቸው፤ ክርስቲያኖቹ ቡናውን ይቆላሉ፣ ክሩን ይጠቀልላሉ፣ የዳንቴሉን ዓይን ይቆጥራሉ። አርብ ደግሞ ጁምዓ ነውና ተራው ይገለበጣል፤ በዓል ካልዋለበት ክርስቲያኗ ትሠራለች፣ ጎረቤቷ ከሶላት ስትመለስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታርማታለች። «አብሽሪ፣ አልተበላሸም፣ ሁለት ዓይን ብቻ ፍቺ።» ዒድ ሲቃረብ በኪሮሽ የሚሠራው ነጭ ኮፍያ ይበዛል። ያኔ እጅ የሚያበድረው የክርስቲያኑ ቤት ነው።

ክር መጠቅለል ሥራ ነው ወይስ አይደለም? በዚህ ላይ ስምምነት የለም። አክስቴ አይደለም ባይ ናት። የንስሐ አባቷን ጠይቃ ዝም አሏት፤ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ወስዳ ይኸው ስንት ዓመቷ።

የሳጥኑ ዘመን

ሳጥኑ የቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የናፍታሊን ሽታ ያፍናል። ውስጡ ጫፏ ያለቀ ኪሮሽ አለ፣ ጨርቅ የሚወጠርበት ክብ እንጨት አለ፣ «መልካም ሌሊት» የተጠለፈባቸው ሁለት የትራስ ልብሶች አሉ። ዲ ኤም ሲ የሚባለው የፈረንሳይ ክርም አለ። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ክሩ ደግሞ ከ6 ቀጫጭን ክሮች የተገመደ። ለቅጠል ሁለቱን፣ ለግንዱ ሦስቱን ለይተህ ትወስዳለህ። ቀለሙ የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ጥቁሩ 310። አክስቴ የልጆቿን የልደት ቀን ታምታታለች፣ 310ን ግን ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሷት አትስትም።

በደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ያለቀ ካርቦን ከቢሮ ይዛ ትመጣና የአበባውን ንድፍ በእርሱ ጨርቁ ላይ ታሳርፋለች። ሰማያዊው ቀለም ለሦስት አጠባ አይለቅም ነበር። አቡጀዲ የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነው፣ እሱም በተራ፣ እሱም ሲመጣ። ሱፍ ክር ሲጠፋ የልጆች ሹራብ ይተረተራል። ክሩ እንደተኮማተረ ስለሚወጣ ታጥቦ፣ ድንጋይ ተንጠልጥሎበት፣ ቀና እስኪል ይደርቃል፤ ከዚያ የትልቁ ሹራብ ለትንሹ ይሆናል። የአክስቴ ግቢ ልጆች አንድ ክር በሦስት ትውልድ ለብሰዋል ብል ማጋነን አይደለም።

የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በ1972 ዓ.ም. ሲቋቋም የሰፈሩ ሴቶች በየቀበሌው መሰብሰብ ጀመሩ። አክስቴ ብዙ የዳንቴል ዓይነት የለመድኩት እዚያ ነው ትላለች። ጎረቤቷ ደግሞ እዚያ የለመድኩት መፈክር ብቻ ነው ባይ ናት። ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ እኔ መሃል አልገባም። የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ የእሁዱ የቀበሌ ስብሰባ ረጅም ነበር፤ ሰብሳቢው ንግግሩን ሲጀምር ከየቦርሳው ኪሮሽ ይወጣል፤ ሲጨርስ አንድ የሬዲዮ ልብስ አልቋል። አክስቴን በሰንበት እንዴት ሠራሽ ስላት፣ «ሰንበቱን የሻረው ስብሰባ የጠራው ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» አለችኝ።

ከ1965 እና 66ቱ፣ ከ77ቱም ድርቅ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ አንድም ነገር የለም።

የበረንዳው ቀን

ጠዋት ላይ ደሴ ጉም ናት። ጣት ይደነዝዛል፣ መርፌ አይታዘዝም። ስለዚህ ከ4 ሰዓት በፊት የሚጀምር የለም። ፀሐይ በረንዳው ላይ ስታርፍ ዱካ ይወጣል፣ ቡና ይቀርባል። ሕጉ አንድ ነው፦ ቁጥር ላይ ያለች ሴት አትጠራም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ «ስንት ላይ ነሽ?» ነው የምትባል። አቦሉ በወሬ፣ ቶናው በሐሜት ያልፋል፤ በረካ ላይ ድምፅ ይቀንሳል፣ ሥራው እውነት የሚገፋው ያኔ ነው። ወንዶቹ? ልብስ ሰፊዎቹና የማሽን ጠላፊዎቹ ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ በረንዳው ላይ ግን ኪሮሽ የሚይዝ ወንድ ሲገኝ ይሾፍበታል፣ ከዚያ ሥራው ታይቶ ዝም ይባላል።

የጦሳ ተራራ ከከተማው በስተምዕራብ ስለተገተረ ፀሐይ ቶሎ ትሸሸግብናለች። ሰማዩ ገና ብርሃን ነው፣ በረንዳው ግን ጥላ ገብቶበታል። የቀለም ክር ያኔ ተቀምጦ ነጭ ዳንቴል ይነሳል፤ በዚያ ብርሃን አረንጓዴና ሰማያዊ አይለዩም።

ያለቀው ሥራ ቤቱን ያለብሰዋል። ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ክንድ፣ ፍሪጁ፣ ረከቦቱ። ልጅ ስትዳር የትራስ ልብሱ አብሮ ይሄዳል። ያለ ዳንቴል የተቀመጠ ቴሌቪዥን ደሴ ውስጥ የወንደላጤ ቤት ምልክት ነው።

ኮምቦልቻ

በሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ስትጓዙ ሙቀቱም ልማዱም ይለወጣል። በ1970ዎቹ የተተከለው የኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አንሶላና ፎጣ ለአካባቢው አስለምዷል። የፈረቃ ሠራተኛ እረፍቱ ማክሰኞም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እዚያ ሰንበት ብዙም አያከራክርም። የደሴ ሴቶች የኮምቦልቻ ዳንቴል ላላ ይላል ይላሉ። በሙቀቱ ነው ይላሉ። እኔ ልዩነቱን አላየሁም፣ ግን ደሴ ስለምኖር አልከራከርም።

አሁን

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ብዙ ቤት ሳጥኑን ጥሎ ወጣ። የአክስቴ ተርፎ ቆያት። ዛሬ ወጣቶቹ ንድፉን ከዩቲዩብና ከቴሌግራም ያወርዳሉ፣ አንዳንዶቹም ሠርተው ይሸጣሉ። የክሩ ቀለም በስልክ ፎቶ ተነስቶ ለባለሱቁ ይላካል።

በእኛ ጊዜ የሚላከው ልጅ ነበር። ቁራጭ ክር ይሰጠኛል፣ «ይሄን ዓይነት በል፣ ብርሃን ላይ አውጥተህ እይ» እባላለሁ፣ ወደ ፒያሳ እሮጣለሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ኳስ አይቼ ቆምኩ፤ ሱቅ ስደርስ ጦሳ ፀሐይዋን ውጧታል። ባለሱቁ ሁለት ጥቅል አሳየኝ፣ አንደኛውን ያዝኩ። አክስቴ የምትጠልፈውን ጣዎስ ሁለተኛ ክንፍ በዚያው ማታ በአምፖል ጨረሰችው፤ ጠዋት ስናየው አንዱ ክንፍ አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው። አልፈታችውም። እስከ ዛሬ ቴሌቪዥኑ ላይ አለ። እንግዳ ሲጠይቃት «ያኛው ጥላ ውስጥ ነው» ትላለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች።