«ከመንሸራተቻ ርቀት ውጭ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋ ቁልቁል እየተንሸራተተ የብስ መድረስ የማይችልበት ቦታ ማለት ነው። የአሜሪካ ደንብ ተከፍሎት አውሮፕላን የሚያበር ሰው ከዚህ ካለፈ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ መንሳፈፊያና ቢያንስ አንድ የእሳት ምልክት መስጫ እንዲይዝ ያዛል። ርቀቱ በከፍታ ይወሰናል፤ ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ነፋስ በሌለበት ከ3,000 ጫማ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል። በግል የሚበሩም ቢሆኑ ይያዙት።

የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ከመነሳትዎ በፊት ይልበሱት። ውኃ ሲነካው በራሱ የሚነፋውን፣ ለጀልባ የተሠራውን ዓይነት ግን አይግዙ፤ ካቢኑ ውኃ ሲሞላ ተነፍቶ ጣሪያው ላይ ይለጥፍዎታል፣ ጎንበስ ብለው በበሩ መውጣት አይችሉም። ገመዱ በእጅ ሲሳብ የሚነፋውን ይምረጡ፤ የሚስቡትም ከወጡ በኋላ ነው። በ1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ውስጥ፣ ጃኬታቸውን ቀድመው የነፉ መንገደኞች መውጫ አጥተው ሞተዋል።