ውትወታ ምንድን ነው? የፍሳሽ ጉዳይ ከማንሆል እስከ ምክር ቤት

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ብሎክ ፊት ለፊት አንድ ማንሆል፣ ማለትም የፍሳሽ ቱቦ የሚከፈትበት ጉድጓድ አለ። ክረምት በገባ ቁጥር ፍሳሹ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ባለፈው ነሐሴ ሲገነፍል ሊከፍት የመጣው ልጅ ጫፉ በተቆለመመ ፌሮ ከውስጥ የሚጎትተውን ቆሜ አየሁ። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ፌስታል፣ ዋይፕስ የሚባለው እርጥብ ሶፍት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያጣበቀ የረጋ ዘይት። ምድር ቤት የሚኖሩት እናት በራቸው ላይ አመድ እየበተኑ «ልጄ፣ ደብዳቤ ጽፈናል አላላችሁም?» አሉኝ። ጽፈናል። ሦስት ክረምት ጽፈናል። መልሱ ሁሌም «በጀት አልተያዘለትም» ነው።

በጀት የሚይዘው ማን ነው? መቼ ነው የሚይዘው? እንዲይዝስ ምን ይገፋዋል? ውትወታ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው እነዚህን ጥያቄዎች ከመጠየቅ ነው።

ቃሉን ሁላችንም ከቤት እናውቀዋለን። ልጅ «ግዢልኝ፣ ግዢልኝ» እያለ እናቱን ይወተውታል። በማኅበራትና በመሥሪያ ቤቶች ቋንቋ ግን ትርጉሙ ጠበብ ይላል፤ ሕግ፣ ፖሊሲ ወይም በጀት የሚወስኑ ሰዎች ዘንድ ቀርቦ፣ በግልጽና በማስረጃ፣ ሳይታክቱ አንድ የታወቀ ለውጥ መጠየቅ ማለት ነው። አንዳንዱ አድቮኬሲ ይለዋል። ከአቤቱታ ጋር መምታታት የለበትም። አቤቱታ «የኛ ማንሆል ይጠረግልን» ይላል። ውትወታ ደግሞ «ማንሆል በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚጠረግ በደንብ ይወሰን፣ ገንዘቡም ይመደብ» ይላል። ከደጅ ጥናትም ይለያል። ደጅ የሚጠና ሰው ተስፋው በአንድ ሹም በጎ ፈቃድ ላይ ነው፤ ሹሙ ሲነሳ ልፋቱም አብሮ ይነሳል። ደንብ ውስጥ የገባ ነገር ግን ሹም ቢቀያየርም ይቆያል።

ብዙ ሰው ውትወታን የማኅበራት ሥራ ብቻ ያደርገዋል። እኔ ግን ፍሳሽ የሚያጣራ ተቋም ራሱ ከማንም በላይ መወትወት አለበት ባይ ነኝ። የቃሊቲን ማጣሪያ ጣቢያ ውሰዱ። መጀመሪያ ሲሠራ በቀን 7,500 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ታስቦ ነበር፤ በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተስፋፋ በኋላ አቅሙ 100,000 ሜትር ኪዩብ ደርሷል። 10 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ የፍሳሽ ቦቴ በቀን 10,000 ጊዜ ቢመላለስ የሚያመጣውን ያህል ነው። አበዳሪም ሆነ ረጂ ግንባታ ይወዳል። ከምረቃው ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ለሚፈለገው መብራት፣ መለዋወጫና ባለሙያ ግን ገንዘቡ የሚመጣው እዚሁ ከሚወሰን ታሪፍና በጀት ነው። ተቋሙ ይህን በቁጥር አስደግፎ ካላስረዳ ማን ያስረዳለታል?

ሌላም ምክንያት አለ። ማጣሪያ ጣቢያ ወደ ውስጡ የሚገባውን አይመርጥም። ቆሻሻውን የሚበሉለት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም የሚባል ኬሚካል በብዛት ከገባባቸው ይሞታሉ። ስለዚህ ፋብሪካው ከግቢው ሳያስወጣ በፊት ራሱ እንዲያጣራ የሚያስገድድ ሕግና ያን ሕግ የሚያስከብር ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን። ባክቴሪያዎቹን የሚያድነው ግን አዋጁን ይዞ ፋብሪካው በር ላይ ናሙና የሚቀዳው ሰው ነው። የእሱ ደመወዝና የላቦራቶሪው ወጪ ደግሞ ተመልሶ የበጀት ጥያቄ ይሆናል።

አሜሪካኖቹ በዚህ ሥራ ቆየት ብለዋል። የከተሞቻቸው የፍሳሽ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1970 አገር አቀፍ ማኅበር አቋቁመው በየዓመቱ ለሕግ አውጪዎቻቸው ቅድሚያ የሚሰጧቸውን ጉዳዮች ያቀርባሉ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው ተዘዋዋሪ ፈንድ እንዳይቀነስ ነው። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ዕቁብን ይመስላል። ከፌዴራል መንግሥትና ከክፍለ ግዛቱ የተዋጣው ገንዘብ በአነስተኛ ወለድ ለከተሞች በብድር ይሰጣል፤ የተመለሰው ደግሞ ለሌላው ከተማ ቱቦ ይውላል። ሁለተኛው ጥያቄያቸው የኛኑ ማንሆል ያስታውሰኛል። በካሊፎርኒያ ዋይፕስ ቱቦና ፓምፕ እየዘጋ ሲያስቸግር፣ ተቋማቱ ቱቦ መጥረጉ ብቻ እንደማያዋጣቸው ገባቸው። ምክር ቤቱን ወተወቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 2022 ጀምሮ እሽጉ ላይ «ሽንት ቤት ውስጥ አይጣል» የሚል ምልክት እንዲለጠፍ ግዴታ ሆነ።

እኛም አገር ለዚህ የሚቀርብ ታሪክ አለ፤ ፌስታል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። በየሱቁ ግን የሚሰጠን እሱው ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ከዚህ የተማርኩት፣ ሕጉ ከወጣ በኋላም «ምን ላይ ደረሰ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው መጥፋት እንደሌለበት ነው።

ፖሊሲ ላይ ቅድሚያ መስጠት ሲባል ሁሉንም በአንዴ አለመጠየቅ ነው። ሃያ ጥያቄ ይዞ የገባ አንዱንም ሳያስወስን ይወጣል። ለከተማው ዳር ምረጥ ብባል ሁለት እይዛለሁ። የመጀመሪያው በቦቴ የሚነሳው ፍሳሽ ነው። ብዙ ቤት ከዋናው መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ቦቴ ጠርቶ ያስመጥጣል። ቦቴው የት እንደሚደፋው ተቆጣጣሪ ከሌለው፣ አንዳንዴ ወንዝ ዳር ደፍቶት ይመለሳል። ሁለተኛው ወንዙ ራሱ ነው። አቃቂ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በመንገዱ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣል፤ ሰላጣው ተመልሶ የኛው ገበታ ላይ ይቀርባል። አንድ ከተማ ብቻውን የሚያወጣው ደንብ ይህን አይፈታውም። ከተማውን፣ ኦሮሚያንና ፌዴራሉን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር ያስፈልጋል።

መብቱ አለን ወይ? አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲ ሲነደፍና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይላል። የቀድሞው የማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አግዶ ስለነበር ውትወታ የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲተካ ማኅበራት ከሥራቸው ጋር በተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች ላይ የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ ተፈቀደላቸው።

የኛ ብሎክ ስህተት የወር ስህተት ነበር። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ማንሆሉ ገንፍሎ ደብዳቤ የምንጽፈው ነሐሴ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የዓመቱ ገንዘብ ተደልድሎ አልቋል። መጻፍ የነበረብን መሬቱ ደርቆ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ሁላችንም ጉዳዩን በረሳንበት በጋ ነበር።

ዘንድሮ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ደብተር ሰቀልን። ማንሆል በገነፈለ ቁጥር ጥበቃው ቀኑንና ሰዓቱን፣ ስንት ቤት እንደነካና በስንት ቀን እንደተጠረገ ይጽፋል። ጥር ላይ የደብተሩን ግልባጭ ከአንድ ገጽ ጥያቄ ጋር ለወረዳ ምክር ቤት አባሏ ሰጠናቸው። የጠየቅነው በየዓመቱ ከሰኔ በፊት አንድ ዙር ጠረጋ በበጀት እንዲያዝ ነው። ገጽ በገጽ አገላብጠው ሲያበቁ፣ መስከረም ላይ አራት ጊዜ የተጻፈበትን መስመር በጣታቸው ይዘው «ይሄኛው የትኛው ነው?» አሉ። ወስደን አሳየናቸው። ደረቅ ነበር፤ ክዳኑ ላይ ልጆች ብይ ይጫወታሉ። ምድር ቤት ያሉት እናት በራቸውን ከፍተው ወጡና፣ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን መስመር በእጃቸው ለክተው ነገሯቸው።