በሐይቅና በወንዝ ደለል ውስጥ የሚቀሩ ፈለጎችና ጉድጓዶች

በሐይቅ፣ በወንዝና በረግረግ ጭቃ የሚኖሩ አከርካሪ አልባ እንስሳት ሲሄዱ፣ ሲመገቡና ሲደበቁ መስመርና ጉድጓድ ይተዋሉ። ገላቸው በስብሶ ሲጠፋ፣ ፈለጋቸው ግን ደለሉ ወደ ድንጋይ ሲለወጥ አብሮ ሊጸና ይችላል። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ያተኮሩት በባሕር ደለል ላይ ስለነበር፣ ስለ ሐይቅና ስለ ወንዝ ፈለጎች የተጻፈው ከሚገባቸው በታች ነው።

ዋነኞቹ ቆፋሪዎች ትሎችና የነፍሳት እጮች ናቸው። ቱቢፌክስ የተባሉት ቀጫጭን ቀይ ትሎች ጭንቅላታቸውን ጭቃው ውስጥ ቀብረው ጅራታቸውን ውሃው ውስጥ ያወዛውዛሉ። ከሥር የበሉትን ደለል ከላይ ስለሚያራግፉት ንብርብሩ ይደባለቃል። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆችም የሚገኙት የኪሮኖሚድ (ትንኝ መሳይ፣ የማይነክሱ ዝንቦች) እጮች ደግሞ የጉድጓዳቸውን ግድግዳ ከአፋቸው በሚያወጡት ሐር ይለስናሉ፤ ገላቸውን እያርገበገቡም ውሃ ያስገባሉ። ከውሃው ጋር ኦክሲጅን ስለሚገባ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል። ጭቃው ተሰንጥቆ ሲታይ በጥቁሩ ደለል መካከል ጉድጓዱን የከበበ ቡናማ ቀለበት ይወጣል። በሰሜን አሜሪካው ኤሪ ሐይቅ በ“ዩ” ቅርጽ የሚቆፍሩት የሜይፍላይ (ዕድሜው አጭር የሆነ ክንፋም ነፍሳት) እጮች እ.ኤ.አ. በ1953 የሐይቁ ወለል ኦክሲጅን ሲያጥረው በገፍ አለቁ፤ በብዛት የተመለሱት በ1990ዎቹ ነው።

በድንጋይ የጸኑትን ፈለጎች በትጋት ከሰበሰቡት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ በአሜሪካ የአምኸርስት ኮሌጁ ኤድዋርድ ሂችኮክ ናቸው። በኮነቲከት ሸለቆ የጥንት ሐይቅ ዳርቻ ድንጋዮች ላይ የዳይኖሰር ዱካዎችን አግኝተው የግዙፍ ወፎች ናቸው ብለው ቢያምኑም፣ ዓይናቸው ትንንሾቹን መስመሮች አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተሙት ታላቅ ሥራ እንደ እባብ የሚጥመለመለውን ቀጭን ፈለግ ኮክሊክነስ ብለው ሰየሙት፤ ስሙ ዛሬም ይሠራበታል። ይህን መሰል መስመር ክር መሳይ ትሎችም ሆኑ አንዳንድ የዝንብ እጮች ስለሚሠሩት፣ ፈለጉን ብቻ በማየት ባለቤቱን መለየት አይቻልም። የሂችኮክ ስብስብ እስካሁን በኮሌጁ ሙዚየም በክብር ተጠብቆ ይገኛል።

ጀርመናዊው አዶልፍ ዛይላኸር እ.ኤ.አ. በ1967 የፈለግ ማኅበራትን (በአንድ ዓይነት አካባቢ አብረው የሚገኙ የፈለግ ዓይነቶችን) ሲመድቡ ለየብስና ለጨው አልባ ውሃ የሰጡት ስኮየኒያ የተባለውን አንድ ምድብ ብቻ ነበር። ሉዊስ ቡዋቶይስና ጋብሪዬላ ማንጋኖ በ1995 ዘወትር በውሃ ለተሸፈነ የሐይቅ ወለል ሜርሚያ የተባለውን ጨመሩ። እንደ እነርሱ አባባል የጥንቶቹ የሐይቅ እንስሳት በአብዛኛው በጭቃው ገጽ ላይ ብቻ ይሳቡ ነበር፤ ጠልቆ መቆፈር በሐይቆች የተስፋፋው ከባሕሩ እጅግ ዘግይቶ ነው። የዘገየበት ምክንያት ግን አሁንም ያከራክራል።