ቴሪየር፦ የጉድጓድ ውሻ፣ የካሜራ ውሻ

በጎጃም ደጋ፣ ፍልፈል ባመሰው የገብስ ማሳ ዳር ውሻ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ጆሮውን ቀስሮ ሲቆም ያየ ሰው ቴሪየር ምን ዓይነት ውሻ እንደሆነ ግማሹን አውቋል። አፈሩ ነቅነቅ ሲል ይዘላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ግን አፉን አፈር ሞልቶ ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም። ብሪታንያና አየርላንድ ውስጥ ግን ይህን ጠባይ ፈልገው፣ ጎበዙን ከጎበዝ እያገናኙ ለብዙ ትውልድ አራቡት። ቴሪየር የተባለው የውሻ ወገን የተገኘው እንዲህ ነው፤ ስሙም መሬት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው።

ሥራው ቀበሮን ጎሬው ድረስ ገብቶ ማስወጣት፣ በረትና ጎተራ ውስጥ አይጥ መፍጀት ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ቁመቱ አጭር፣ ድፍረቱ ግን የትልቅ ውሻ ነው። የስኮትላንዱ ኬርን ስሙን ያገኘው አውሬ ከሚሸሸግበት የድንጋይ ክምር ነው። ጃክ ራስል የሚጠራው በእንግሊዛዊው ቄስ በጆን ራስል ስም ሲሆን፣ ቄሱ በ1819 እ.ኤ.አ. ገና ተማሪ ሳሉ የገዟት ትራምፕ የምትባል ነጭ ውሻ የዘሩ መነሻ ትባላለች። «ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ» እያለ ላደገ የጎጃም ሰው፣ የውሻ ዘር በቄስ ስም መጠራቱ ሳያስገርመው አይቀርም። ኤርዴል ግን ከሁሉም ግዙፉ ነውና ጉድጓድ አይገባም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መልእክት አመላልሷል።

የፊልም ሰዎች ቴሪየርን የወደዱት ለመታቀፍ ስለሚመች፣ ንቁና ፈጣን ስለሆነ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ስኪፒ የተባለ ፎክስ ቴሪየር «ዘ ቲን ማን» በተባለው ፊልም ላይ ታየ። በ1939 «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ላይ ቶቶ የተባለውን ውሻ ሆና የተጫወተችው ኬርኗ ቴሪ ናት፤ ሴት ሆና ሳለ የወንድ ውሻ ስም ይዛ፣ በሳምንት 125 ዶላር እየተከፈላት። ቀረጻ ላይ ወታደር ሆኖ የሚተውን ሰው እግሯን ረግጧት ከሥራ እስከ መቅረት ደርሳለች። በ2011 ደግሞ ጃክ ራስሉ ኡጊ በ«ዘ አርቲስት» ዝነኛ ሆነ።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ተረት በስልጠናው ላይ ቃል በቃል ይሠራል። የምትሰለጥን ውሻ የፊት እግሯን ጣውላ ላይ ስታሳርፍ ወዲያው ሥጋ ትጎርሳለች። ጣውላው ቀን በቀን እያነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ካሜራ የማያየው ምልክት ብቻ ይቀራል። ድምፅ በሚቀረጽበት ጊዜ አሰልጣኙ መናገር ስለማይችል በእጁ ያዛታል። ተመልካች ተዋናዩን በፍቅር ታየዋለች ብሎ ሲነካ፣ እሷ የምታየው ከተዋናዩ ጀርባ የተያዘውን ሥጋ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሚና ሁለት ሦስት ተመሳሳይ ውሾች ማዘጋጀትም የተለመደ ነው፤ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይተኛል።

ደምበጫ አካባቢ አንድ እረኛ በቂጣ ፍርፋሪ ብቻ ውሻውን ድንጋይ ላይ ወጥቶ መቀመጥ አስለምዶት አይቻለሁ። ሊያሳየኝ ሲል ከብቶቹ ጤፍ ውስጥ ገቡ። ውሻው ድንጋዩን ትቶ ወደ ከብቶቹ በረረ፤ ልጁም ቂጣውን ራሱ ጎርሶ ተከተለው።