በኮምፒውተር ድምፅ መቅረጽ፦ መሠረታዊ ሐሳቦች

ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ የለም፤ ያለው የቁጥር ሰልፍ ነው። የአየሩ ግፊት ከፍ ዝቅ እያለ የማይክሮፎኑን ስስ ሽፋን ሲያንቀጠቅጠው ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ፕሪአምፕ የሚባለው ክፍል ሞገዱን ያጎላዋል፣ ቀጥሎ ያለው መቀየሪያ ደግሞ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ኦዲዮ ኢንተርፌስ በሚሉት አንድ ሣጥን ውስጥ ነው።

በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚወስነው ሳምፕል ሬት ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚደረግ ንዝረት) ያለውን ሲሆን፣ አንድን ሞገድ በትክክል ለመመዝገብ ከድግግሞሹ ከእጥፍ በላይ መለካት ያስፈልጋል። ሲዲ 44,100፣ ቪዲዮ በአብዛኛው 48,000 የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። 44,100 ግን ከየት የመጣ እንግዳ ቁጥር ነው? ቀደምቱ ዲጂታል ቅጂ የሚቀመጠው በቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበርና በአንድ የምስል መስመር 3 ልኬት፣ በ245 መስመር፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲባዛ ይህንኑ ይሰጣል።

እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል እንደሚረቅ የሚናገረው የቢት ጥልቀት ነው። 16 ቢት 65,536 ደረጃ፣ 24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ ደረጃ አለው። ለቀረጻ 24 ይሻላል። ጥቅሙም ድምፁን ማሳመሩ ሳይሆን፣ ዝቅ አድርጎ ለመቅዳት ድፍረት መስጠቱ ነው።

ብዙ ቀረጻ የሚበላሸውም በድምፅ መጠን ነው። መጠኑ የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን፣ በዲጂታል ዓለም ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጻፍ ቁጥር የለም። ዘፋኙ በድንገት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ አናቱን በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጆሮም ላይ ይንጫጫል። በኋላ ድምፁን ቢቀንሱት ጠፍጣፋው ዝቅ ይላል እንጂ የተቆረጠው አይመለስም። ቴፕ ድምፁ ሲበዛበት ቀስ እያለ ያጣምም ነበር፤ ዲጂታል እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። ስለዚህ ከፍተኛው ጩኸት ከጣሪያው 10 ወይም 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ተደርጎ ይቀዳል።

ሌላው ራስ ምታት መዘግየት ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን የሚቀበለው በየጥቅሉ ነው፤ ጥቅሉም በፈር ይባላል። የ256 ልኬት በፈር በ44,100 ሲሰላ 6 ሚሊሴኮንድ ገደማ ያዘገያል፣ ይህም ድምፅን ከሁለት ሜትር ርቀት እንደመስማት ነው። በፈሩ 2,048 ሲሆን መዘግየቱ 46 ሚሊሴኮንድ ይደርሳል፤ ራሱን በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ዘፋኝም ምቱ ይጠፋበታል። ሲቀዱ ማሳነስ፣ ሲያቀናብሩ ማሳደግ የተለመደ ነው።

ፋይሉን በተመለከተ፣ ዌቭ የሚባለው የፋይል ዓይነት ቁጥሮቹን እንዳሉ ያስቀምጣል፤ በሲዲ ጥራት አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ፍላክ ምንም ሳያጎድል ያጥፈዋል። ኤምፒ3 ግን ጆሮ አያስተውለውም ያለውን እየጣለ ነው የሚያሳንሰው፤ መልሶ ወደ ዌቭ መቀየርም ፋይሉን ያሰፋዋል እንጂ የተጣለውን አያመጣም።