«ቁርጥማት» ለኮምፒውተር ሲሰጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቁርጥማት የሚለው ቃል የዋህ ቃል ነው፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ጉልበቷ በዕድሜ ያለቀባት እናት ቁርጥማት አለባት። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ የሚሏት የሠላሳ ዓመት ሴትም ቁርጥማት አለባት። እኩለ ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት እንደ ፍም የሚግልበት ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ታሞ ከዳነ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ፣ ሁሉም «ብርድ መቶት ነው» ይባልና ቅባት ይታሻል፣ ወጌሻ ይጠራለታል። ሐኪም ቤት ግን አራቱ አራት ስም አላቸው፦ የመገጣጠሚያ መበላት፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሪህ፣ ሩማቲክ ፊቨር። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

ጅምላ ስም መስጠት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሐኪሞች ራሳቸው «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ብለው አንድ ስም የሰጡት ሕመም ውስጡ ሲፈተሽ አንድ ወጥ ሆኖ አልተገኘም። ይህን ለማየት ያስቻለው የሥነ ሕይወትን መረጃ በኮምፒውተር የሚያሰላው ዘርፍ ነው፤ ኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ ይሉታል። ኤአይ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው ዘግየት ብሎ የተቀላቀለ ዘመዱ ነው። በቡና ላይም በቴሌግራም ግሩፕም ስለዚህ ሲወራ የምሰማው ግማሹ ከልክ ያለፈ ተስፋ፣ ግማሹ ያለ ምክንያት ንቀት ስለሆነ ደጋግሞ የገጠመኝን እያነሳሁ ልመልስ።

«ኤአይ ማለት ሕመሜን ለቻትጂፒቲ መንገር ነው»

የመገጣጠሚያ ሕመምን በሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ያለው ሥራ ከጨዋታና ከጥያቄ መልስ ይልቅ እህል ከመለየት ጋር ይቀራረባል። ከታማሚው መገጣጠሚያ ውስጥ በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ይወሰዳል። ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ይነጣጠሉና በእያንዳንዳቸው ውስጥ የትኛው ዘረ-መል እየሠራ፣ የትኛው ተኝቶ እንደሆነ ይቆጠራል። ሰው ወደ 20,000 የሚጠጉ ፕሮቲን የሚያሠሩ ዘረ-መሎች ስላሉት አንዲት ሕዋስ ብቻዋን የሺህ ቁጥሮች ዝርዝር ይዛ ትመጣለች።

በ2023 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከ82 የመገጣጠሚያ ናሙናዎች ከ314,000 በላይ ሕዋሳትን እንዲህ ቆጥሯል። ሰንጠረዡ ይሠራ ቢባል ከስድስት ቢሊዮን በላይ ሳጥን ይኖረዋል፤ አብዛኛው ዜሮ ቢሆንም። ይህን በዓይኑ የሚያበጥር ሰው የለም። ኮምፒውተሩ የሚመሳሰሉትን ሕዋሳት አንድ ላይ ሲያስቀምጥ የታማሚዎቹ መገጣጠሚያዎች በስድስት ዓይነት ተከፈሉ። በአንዳንዱ ቲ እና ቢ የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ሞልተዋል። በሌላው እነሱ እምብዛም የሉም፤ የተንሰራፉት ፋይብሮብላስት የሚባሉት የመገጣጠሚያው ሽፋን ሕዋሳት ናቸው። በሁለቱም ታማሚዎች ካርድ ላይ የተጻፈው ግን ያው አንድ ስም ነው።

ቻትቦት መጠየቅ በራሱ ነውር የለውም። የመድኃኒት መጠን ላይ ሲደርስ ግን እፈራለሁ። ለሩማቶይድ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በስህተት በየቀኑ ወስደውት የሞቱ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ያዘዘውን ሐኪም ወይም ፋርማሲስቱን በአካል ጠይቁ።

«ሕዋስ መደርደር የምሁራን ጨዋታ ነው፤ ለታማሚው ጠብ የሚል ነገር የለውም»

በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ኮስታንቲኖ ፒትዛሊስ የተመራ አንድ ሙከራ በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። በአምስት የአውሮፓ አገራት 164 የሩማቶይድ ታማሚዎች ተሳትፈውበታል፤ ሁሉም ፀረ ቲኤንኤፍ የሚባሉትን (ቲኤንኤፍ የተባለውን እብጠት ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያግዱትን) መድኃኒቶች ሞክረው በቂ ለውጥ ያላዩ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከሚታሰቡት ቀጣይ መድኃኒቶች አንዱ ሪቱክሲማብ ነው። ሪቱክሲማብ የሚያጠፋው ቢ ሕዋስን ነው። እንግዲህ መገጣጠሚያው ውስጥ ቢ ሕዋስ ከሌለ መድኃኒቱ ማንን ሊያጠፋ ነው?

ናሙናቸው በማይክሮስኮፕ ታይቶ «ቢ ሕዋስ እምብዛም የለበትም» ከተባሉት መካከል ሪቱክሲማብ ከወሰዱት 45 በመቶው፣ ቶሲሊዙማብ የተባለውን ሌላ መድኃኒት ከወሰዱት 56 በመቶው ተሻላቸው። ይህ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ናሙናው የሚሠሩትን ዘረ-መሎች በማንበብና በስሌት ሲመደብ ግን 36 ለ63 ሆነ። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። የሙከራው ታማሚዎች ያው፣ መድኃኒቶቹም ያው፤ የተለወጠው መዳቢው ዓይን ነው።

«ተሻላቸው» ሲባል ከ16 ሳምንት በኋላ የሕመሙ መለኪያ ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ ማለት እንጂ ዳኑ ማለት አይደለም። በዘረ-መል ንባቡ «ቢ ሕዋስ የላቸውም» የተባሉት ደግሞ በሁለቱም ወገን ተደምረው 74 ብቻ ነበሩ። መገጣጠሚያ ወግቶ ናሙና መውሰድና ማንበብም እስካሁን የዕለት ተዕለት ሕክምና አልሆነም። ጠብ ያለ ነገር ግን አለ።

«ሪህ የሥጋና የቢራ ዕዳ ነው፤ ዘረ-መል ምን አገባው?»

ይቺኛዋ ሰው የምታሳፍር ስለሆነች ትንሽ ልቆይባት። ሪህ የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት «ቁርጡን ቀንሰው እንጂ» ተብሎ ተስቆበታል። «የሀብታም በሽታ» የሚባለው ደግሞ ሀብት የሌለውንም ስለሚይዝ ቀልዱ ሁለት ጊዜ ያማል።

ሪህ የሚነሳው ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ በዝቶ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል እየሆነ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ለመብዛቱ ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊትና አንጀት በሚገባ አለማስወጣታቸው ነው። በኒውዚላንድ ተመራማሪዎች የተሠራና በ2018 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸውን 16,760 አሜሪካውያን መረጃ አስልቶ ነበር። ከሰው ሰው ካለው የዩሪክ አሲድ ልዩነት ውስጥ አንድ የምግብ ዓይነት ለብቻው አንድ በመቶውን እንኳ አላብራራም። የተለመዱት የዘረ-መል ልዩነቶች ግን ወደ 24 በመቶ የሚሆነውን አብራሩ። በ2024 ደግሞ የ2.6 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ የጠቀለለ ጥናት ወጣ፤ ከእነሱ ውስጥ 120,295ቱ ሪህ ያለባቸው ናቸው። ከበሽታው ጋር የተያያዙ 377 የዘረ-መል ሠፈሮች ተለይተውበታል።

ይህ ሥራ በነገራችን ላይ በአብዛኛው ኤአይ አይደለም፤ ስታቲስቲክስ ነው፣ ብዙ ብዙ ስታቲስቲክስ። ዛሬ ኮምፒውተር የነካው ሁሉ ኤአይ ስለሚባል ነው ማንሳቴ።

ቁጥሩን ግን ማንም «እንግዲያው ክትፎውን አምጡት» ብሎ አይተርጉመው። ሪህ ላለበት ሰው ሥጋና ቢራ ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። ጥናቱ የሚለው በሽታውን የዘራው ሆዳምነት አይደለም ነው። ልዩነቱ ተራ የቃላት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ራሱን ጥፋተኛ ያደረገ ሰው «አመጋገቤን አስተካክላለሁ» እያለ ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰውን መድኃኒት፣ አሎፑሪኖሉን፣ መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል፣ ክሪስታሉም ሥራውን ይቀጥላል።

«ኤአይ ከመጣ ወዲህ መድኃኒት በሳምንት ይገኛል»

ጥቆማና መድኃኒት ሲምታቱ ነው እንዲህ የሚባለው። ሉፐስን እንውሰድ፤ የሰውነት መከላከያ ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን የሚያጠቃበት፣ ከአሥሩ ታማሚ ዘጠኙ ሴት የሆነበት ሕመም ነው። በ2003 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በታማሚዎች ደም ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ዘረ-መሎችን በአንዴ ለክተው በኮምፒውተር ሲያሰሉ ጎልቶ የወጣ ነገር አገኙ። ኢንተርፌሮን ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት የሚያሰማው የእሪታ ጥሪ ነው። የብዙዎቹ ታማሚዎች ደም ጠላት ሳይኖር ያንን እሪታ እያሰማ ነበር።

ያንን ጥሪ የሚያፍነው አኒፍሮሉማብ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2021 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት! በመሀል ከሁለቱ ትልልቅ የመጨረሻ ሙከራዎች የመጀመሪያው ያለመውን ግብ ሳይመታ ቀርቷል፤ ሁለተኛው ነው ያዳነው። ኮምፒውተሩ ፍንጩን የሰጠው በ2003 ነበር። የቀረው ጊዜ ያለቀው ሰው ላይ በመሞከር፣ በመጠበቅ፣ በመውደቅና እንደገና በመነሳት ነው።

ፈጣን ምሳሌ የለም ማለቴ አይደለም። የሩማቶይድ መድኃኒት የሆነው ባሪሲቲኒብ አለ። በየካቲት ወር 2020 ቤኔቮለንትኤአይ የተባለ የለንደን ኩባንያ ተመራማሪዎች ስለ መድኃኒትና በሽታ የተጻፈውን ሁሉ በኤአይ ሲያገናኙ ይህ መድኃኒት ለኮቪድም ሊረዳ እንደሚችል ጠቆሙ። ሪከቨሪ የተባለው የብሪታንያ ሙከራ ከ8,000 በላይ የኮቪድ ሕሙማን ላይ ፈትኖት ሞትን በ13 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥር 2022 ጽኑ ሕሙማን እንዲሰጣቸው አጥብቆ መከረ። ይህን ሁሉ ያፋጠነው መድኃኒቱ ቀድሞ ተሠርቶ፣ ደኅንነቱ ተፈትኖ፣ ለቁርጥማት ታማሚዎች ሲታዘዝ የነበረ መሆኑ ነው። ኤአይ ያገኘው መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ነው። ቀላል ነገር ነው አልልም፤ መደርደሪያው ሰፊ ነውና።

«ኮምፒውተር አያዳላም»

ኮምፒውተር የሚያውቀው ያበሉትን ነው። በ2019 በወጣ አንድ ግምገማ በዘረ-መል ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 79 በመቶ ገደማ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ከዚያ ተነስቶ የሚሰላው፣ አንድ ሰው በበሽታ የመያዝ ዕድሉን የሚገምተው የተጋላጭነት ነጥብ የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ሰዎች ሲሆን ትክክለኛነቱ በአራት እጥፍ ተኩል ያህል ይወርዳል። የሚያስቆጨው፣ ከዓለም ሁሉ ሰፊው የዘረ-መል ብዝኃነት ያለው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ነው። ሩማቶይድን በተመለከተ በ2022 የወጣ ጥናት አምስት የዘር ሐረጎችን፣ ከ276,000 በላይ ሰዎችን አካቶ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 124 ቦታዎችን ለይቷል። መልካም ጅምር ነው፤ ጅምር ግን ነው።

በዋሽንግተን ወይም በለንደን የምትታከም እህታችን የክሊኒኩን ቅጽ ስትሞላ «ጥቁር» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሳጥኗ ናይጄሪያዊውን፣ ጃማይካዊውንና ጎንደሬውን አንድ ላይ ትከታለች። ያው ቁርጥማት እንደሚለው ቃል ነው። ቆዳም ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ሉፐስ ጉንጭና አፍንጫ ላይ የሚያወጣው ሽፍታ በመማሪያ ሥዕሎች ቀይ ነው፤ በጠይምና በጥቁር ፊት ግን ወደ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ወዳለ ቡናማ ያደላል። ቀዩን ብቻ ያየ ፕሮግራም፣ ልክ ቀዩን ብቻ እንደተማረ ሐኪም፣ ያልፈዋል።

«እንግዲህ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሐኪም ሥራ አበቃ»

የእጅና የእግር ራጅ አይቶ የአጥንት መሸርሸርን በነጥብ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ለመሥራት ተመራማሪዎች ተወዳድረዋል፤ 674 የራጅ ስብስቦች ቀርበው። ነጥብ መስጠት አሰልቺ ሥራ ነውና ማሽን ቢወስደው ማንም አያለቅስም። «ጠዋት ስትነሺ መፍታታት ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ያበጠውን አንጓ በጣቱ ተጭኖ የሚያየው ግን ራጁ ላይ የለም። በአገራችን በጣት የሚቆጠሩት የዘርፉ ስፔሻሊስቶች ሥራ አጥ ይሆናሉ ብሎ መስጋት አሁን አይታየኝም።

«ለእኛ አገር ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው»

መነሻዬ ላይ ያለውን ልጅ አስታውሱት፤ ጉሮሮውን ታሞ ቆይቶ ጉልበቱ ያበጠውን። የጉልበቱ እብጠት ይድናል። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ሳይታወቅ የሚጎዳው የልብ በሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሩማቲክ የልብ ሕመም 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደተያዙ ይገምታል። እኛም አገር ለልብ በር ቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ።

እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ከ102,000 በላይ ልጆች በልብ አልትራሳውንድ ታይተው ጉዳቱ ገና በጅምር ላይ የሆነባቸው 818ቱ ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በ2022 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰዱት ሕመሙ የባሰባቸው 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ። መድኃኒቱ ርካሽና የቆየ ነው። ያስቸገረው ልጆቹን ማግኘት ነው፤ ምስሉን የሚያነብ የልብ ሐኪም በየወረዳው የለምና። ደም በልብ በሩ በኩል ወደ ኋላ መመለሱን ከምስሉ ላይ የሚለይ ኤአይ እየተሠራ ያለው ለዚህ ክፍተት ነው፤ በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ የያዘች ነርስ ትምህርት ቤት ሄዳ ልጆቹን እንድትለይ። የተለየው ልጅ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሲመጣ መርፌዋን ማግኘት አለበት።