የጅማ ሕፃናትና ሮታ ቫይረስ፦ ዝርያው ሌላ፣ ክትባቱ ሌላ?

ጅማ ውስጥ ልጅ ሲያስቀምጠው ምክንያቱ ብዙ ነው። ጥርስ እያወጣ ነው ይባላል። ብርድ መቶት ነው፣ ዓይን በልቶት ነው፣ እናቱ ከፀሐይ ገብታ ወዲያው አጥብታው ነው። ከባሰ ደግሞ «ግግ ወጥቶበታል» ተብሎ ያልበቀለ ጥርሱን የሚነቅል ሰው ይፈለጋል። ጤና ተቋም ከተኬደ ሰገራ ይታይና ብዙ ጊዜ «አሜባ ነው» የሚል ወረቀት ተይዞ ይወጣል። የሕፃናትን ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣውን የሮታ ቫይረስ ስም አብዛኛው ወላጅ የሚያየው የክትባት ካርዱ ላይ ነው፣ ያውም ካነበበው።

ቫይረሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት አንጀት ናሙና ወስደው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ክብ፣ ዙሪያው እንደ ጎማ ራጂ የተሰደረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ሮታ በላቲን መንኮራኩር ማለት ነው።

ልጁን የሚያገኘው በአፍ ነው። ከሌላ ልጅ ሰገራ በእጅ፣ በዕቃ፣ በአሻንጉሊት ይተላለፋል፣ ለመያዝ ደግሞ በጣም ጥቂት ቫይረስ ይበቃል። ትንሹ አንጀት ውስጥ ምግብና ውኃ የሚመጥጡትን ሴሎች ያበላሻል፤ ስለዚህ ልጁ የጠጣው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ትኩሳትና ትውከት ይጀምራሉ፣ ከዚያ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ይከተላል፣ ይህም ከሦስት እስከ ስምንት ቀን ይቆያል። አምስት ዓመት ሳይሞላው ያልተያዘ ልጅ ዓለም ላይ የለም ማለት ይቻላል። የሀብታም አገር ልጅም ይያዛል። ልዩነቱ የሚመጣው ሞቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሮታ የሞቱ ሕፃናት 453 ሺህ ገደማ እንደሆኑ ተገምቷል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአምስት አገሮች ልጆች ነበሩ፦ ሕንድ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎና ኢትዮጵያ።

እዚህ ላይ ስለ አሜባው ትንሽ ላውራ። ተራው የሰገራ ምርመራ የሚሠራበት ማይክሮስኮፕ አሜባንና ጃርዲያን ያሳያል፣ ቫይረስ ግን በፍጹም አያሳይም። ስለዚህ የአንድ ዓመት ልጅ በሮታ ተይዞ ሄዶ ፍላጂል ተሸክሞ ቢመለስ የሚገርም አይደለም። እኛም ቤት ደርሷል። መድኃኒቱ ቫይረሱን አይነካውም፣ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲሄድ ግን ምስጋናውን የሚወስደው ፍላጂሉ ነው። ሮታን ለማግኘት ሰገራውን በሌላ ዓይነት ምርመራ ማየት ያስፈልጋል። ዝርያውን ለመለየት ደግሞ ከዚያም አልፎ ፒሲአር የሚባለውን የዘረ መል ምርመራ የሚሠራ ላብራቶሪና ናሙናውን አቀዝቅዞ የሚያቆይ ፍሪጅ ይፈልጋል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ተመራማሪዎች ናቸው። ጅማ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዋ በ1992 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው የቆመ ነው፤ ተማሪዎቹን ከሆስፒታል አውጥቶ ቀበሌ ለቀበሌ በማሰማራትም ይታወቃል። ክትባቱ አገራችን ከመግባቱ ከዓመታት በፊት በጅማ ሆስፒታል የተቅማጥ ሕፃናት ላይ ሮታ ተፈልጎ ተገኝቷል።

ዝርያ ሲባል ምንድን ነው? እንደ መኪና ታርጋ አስቡት። ታርጋ ኮድ አለው፣ ቁጥርም አለው። ሮታም በውጭ በኩል ሁለት ፕሮቲኖች አሉት፤ በአንደኛው ጂ የሚባል ቁጥር፣ በሁለተኛው ፒ የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። ጂ1ፒ8፣ ጂ2ፒ4፣ ጂ3ፒ8፣ ጂ9ፒ8፣ ጂ12ፒ8 እየተባለ ይቀጥላል። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ፒ6 ከሌላው ዓለም ይልቅ ይበዛል፣ ከከብት ሮታ ጋር የሚዛመደው ጂ8ም ይታያል። የቫይረሱ ዘረ መል አስራ አንድ ቁራጭ ነው። ሁለት ዝርያ አንድ ልጅ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹ እንደ ካርታ ይበወዛሉ፤ ያልነበረ ታርጋ ይወጣል።

አሁን ወደ ክትባቱ። ኢትዮጵያ የሮታን ክትባት በመደበኛው ፕሮግራም የጀመረችው በ2006 ዓ.ም. ነው። የመረጠችው ሮታሪክስ የሚባለውን ነበር። ይህ ክትባት የተሠራው ሲንሲናቲ፣ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ታማሚ ሕፃን ከተወሰደ ጂ1ፒ8 ቫይረስ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ደጋግመው እያራቡ አዳክመውት። እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ የአንድ አሜሪካዊ ሕፃን ቫይረስ ጅማ ቆጪ ወይም ሄርማታ ሰፈር የተወለደን ልጅ ከጂ12 ያድነዋል?

በአብዛኛው አዎ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ነገሩ የተመሠረተው ተፈጥሮ በምታደርገው ላይ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ከልደት ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ሕፃናት እንዳሳዩት አንድ ጊዜ የተያዘ ልጅ በሚቀጥለው ይቀለዋል፣ ሁለት ጊዜ የተያዘ ደግሞ ከበድ ያለ ተቅማጥ አላገኘውም፤ ዝርያው ቢለያይም። ክትባቱ ያንን ሁለት ጊዜ ያለ ሕመም ማስመሰል ነው። ስለዚህ የሚከላከለው ከባዱን ነው፤ ማለትም ዓይኑ ሰርጉዶ፣ እርግብግቢቱ ጎድጉዶ፣ ቆዳውን ቆንጥጠው ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚመለሰውን ልጅ። «ተከትቦም አስቀመጠው፣ ክትባቱ አይሠራም» የሚሉ ሰዎች ይህንን ነው የሚስቱት። ያስቀመጠው ምናልባት «ኖሮ» የሚባል ሌላ ቫይረስ ነው፣ ምናልባት ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ምናልባትም ሮታው ራሱ ቀሎ ነው።

ያም ሆኖ ቁጥሩን መደበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የአፍሪካ ሙከራ ክትባቱ ከከባዱ ሮታ የተከላከለው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 77 ከመቶ ገደማ፣ ማላዊ ውስጥ ግን 49 ከመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ማላዊ ውስጥ ብዙ ዓይነት ዝርያ ይዞር ነበርና ሁሉም ጣቱን ወደዚያ ቀሰረ። እኔን የሚያሳምነኝ ግን የልጁ አንጀት ነው። የምግብ እጥረት፣ ሌሎች የአንጀት ጀርሞች፣ ከእናት በእንግዴ ልጅና በጡት የመጣ መከላከያ፣ በአንድ ቀን አብሮ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ፣ እነዚህ ሁሉ የክትባቱን ጉልበት ይቀንሳሉ ተብሎ ይታሰባል። አንድ የሚገርም ነገርም አለ። ፒ8 ወደ ሴል ለመግባት አንጀት ላይ ያለ የስኳር ዓይነት ይይዛል፤ ያ ስኳር የሌላቸው ሰዎች ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ከሌላው ይበዛሉ። እነዚህን ልጆች ፒ8 ብዙም አይዛቸውም፣ ፒ6 ግን ይይዛቸዋል። ከፒ8 የተሠራው ክትባትም እነሱ ላይ በቅጡ ላይራባ ይችላል። በሩ የተዘጋበት እንግዳ በሉት።

ታዲያ ዝርያ መቁጠሩ ምን ይጠቅማል? ለእናቲቱ ዛሬ ምንም። ክትባት ለሚመርጠው አገር ግን ይጠቅማል። ከሮታሪክስ ሌላ አምስት ዝርያ ያካተተው ሮታቴክ አለ፣ ሕንድ የተሠሩት ሮታቫክና ሮታሲልም አሉ። ከክትባቱ በኋላ አንድ ዝርያ እየበዛ፣ የተከተቡትንም ሆስፒታል እያስገባ ከሄደ መታወቅ አለበት። ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን ሮታ ክትባት በሌለበትም አገር ከዓመት ዓመት ዝርያ የሚቀያይር መሆኑ ነው። አንድ ዓመት ጂ12 በዛ ተብሎ ክትባቱ አመጣው ማለት አይቻልም።

ስለ ደኅንነቱም ይጠየቃል። ሮታሺልድ የሚባለው የመጀመሪያው ክትባት እ.ኤ.አ. በ1999 ከገበያ ወጥቷል፤ አንጀት እንደ ካልሲ ወደ ራሱ ውስጥ የሚገባበትን ሕመም በመጨመሩ ነው። የአሁኖቹ ላይም አንዳንድ አገሮች አልፎ አልፎ አይተውታል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ሮታሪክስ ላይ በተደረገው ክትትል ግን ጭማሪ አልታየም።

የሚሰጠው በ45 ቀንና በ10ኛው ሳምንት ነው፣ ሁለቴ። መርፌ አይደለም። ነርሷ ትንሿን ቱቦ ትከፍትና ልጁን ጋደም አድርጋ በጉንጩ ውስጠኛ በኩል ቀስ እያለች ትጨምቃለች፣ አንድ ሚሊ ሊትር ተኩል። ጣፋጭ ስለሆነ ይልሰዋል። ሮታው ከመርፌው ቢቀድም ጥሩ ነው፤ ጭኑን ከተወጋ በኋላ ማን ይውጣል! አንዷ አያት «ለዚህች ጠብታ ነው ከጠዋት የተሰለፍነው?» ሲሉ ሰማሁ፤ «እናቴ፣ ይቺ ጠብታ ናት ሆስፒታል ከማደር የምታድነው» አለቻቸው ነርሷ።

የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ጅማ አካባቢ ሮታ ሊበረታ የሚችለው በቀዝቃዛውና በደረቁ ወራት ነው፣ «ብርድ መታው» የሚባለውም ያኔ ነው። ያ ወቅት ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ነው። እናት ልጇን አዝላ ለቀማ ትወጣለች፣ የቀጠሮው ቀን ያልፋል። ያለፈ ቀጠሮ ግን የተዘጋ ቀጠሮ አይደለም፤ ካርዱን ይዞ መሄድ ነው።

ልጁ ካስቀመጠው፣ የተከተበም ቢሆን፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ይበጠበጥለት። አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ነው፣ ማለትም የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልቶ። ብዙ ሰው በአንዱ ሃይላንድ ብቻ ይበጠብጠዋል፣ ይህ ጨው ያበዛበታል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት አይቆምም። አብሮ የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሰጣል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ ግማሽ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ ላለ ሙሉ ፍሬ፣ በታለበ ጡት ወይም በንጹሕ ውኃ አሟሙቶ። የተበጠበጠው ንጥረ ነገር ከ24 ሰዓት በኋላ ከተረፈ ይደፋል።